ጋሌና፦ ኩልም ሬዲዮም የሆነው ድንጋይ

ጋሌና ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ፣ ብርማ ግራጫ መልክ ያለውና ሲሰበር እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ነው። የኬሚስትሪ ስሙ ሊድ ሰልፋይድ ሲሆን በአማርኛ ሲፈታ የእርሳስና የድኝ ውህድ ማለት ነው። ይህ ድንጋይ እርስ በርስ የማይገናኙ የሚመስሉ ሦስት ሥራዎች ሠርቷል። ተፈጭቶና ተወቅጦ ለሺህ ዓመታት የዓይን ኩል ሆኖ አገልግሏል። ሳይፈጭ፣ በቀጭን ሽቦ ጫፍ እየተነካ፣ በመጀመሪያዎቹ የቤት ሬዲዮኖች ውስጥ ድምፁን ከማዕበሉ የሚለየው ክፍል ነበር። በመስተዋት ላይ በስሱ ሲለበጥ ደግሞ የሰው ዓይን የማያየውን ብርሃን የሚያይ መሣሪያ ሆኗል። ኋለኞቹን ሁለቱን ሥራዎች ያገኘው ሰሚኮንዳክተር በመሆኑ ነው። የመጀመሪያው ሥራው ግን ዛሬም በብዙ ቤት አለ፤ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ማወቅ የጤና ጉዳይ ነው።

የድንጋዩ ጠባይ

ጋሌናን በእጁ ያነሣ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ክብደቱ ነው። ከተመሳሳይ መጠን ውሃ ሰባት ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል። ምክንያቱም ከ100 ግራም ንጹሕ ጋሌና ውስጥ 86.6 ግራሙ እርሳስ ነው፤ ድኙ 13.4 ግራም ብቻ ነው። ክብደቱ ይህን ያህል ይሁን እንጂ ጠንካራ አይደለም፤ በመዳብ ሳንቲም ይጫራል። በመዶሻ ሲመታ እንደ ሌላው ድንጋይ አይፈረካከስም። ጠርዛቸው ቀጥ ያለ፣ ገጻቸው የለሰለሰ ትንንሽ ኩቦች እየሆነ ይሰነጠቃል። የዚህ ምክንያት የአቶሞቹ አደራደር ነው። እንደ ገበታ ጨው ሁሉ፣ እያንዳንዱ የእርሳስ አቶም በስድስት የድኝ አቶሞች፣ እያንዳንዱ የድኝ አቶምም በስድስት የእርሳስ አቶሞች ተከቦ ይቀመጣል። የሚቀልጠው ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። በውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ይህ የመጨረሻው ጠባዩ ብዙ ሰው «እንግዲያው አይጎዳም» ብሎ እንዲያስብ አድርጓል። ወደዚህ ነገር በኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

«እርሳስ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትንሽ ያምታታል። ልጆች የሚጽፉበት እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም፤ ጥቁሩ ነገር ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው። ስሙ የመጣው ድሮ ሰዎች ግራፋይትን የእርሳስ ማዕድን ዓይነት አድርገው ይቆጥሩት ስለነበር ነው። በዕብራይስጥም እንዲሁ ነው፤ መጻፊያው «ኢፓሮን» የተባለው እርሳስ ማለት ከሆነው «ኦፌሬት» ወጥቶ ነው። ስለዚህ መጻፊያ እርሳሱን የሚያኝክ ልጅ በዚህ በኩል አያስፈራም።

ጋሌና በዓለም ላይ እርሳስ የሚወጣበት ዋናው ማዕድን ነው። ከዚያ የሚወጣው እርሳስ አብዛኛው የሚሄደው ለመኪና ባትሪ ነው። በብዙ ቦታ ከእርሳሱ ጋር ጥቂት ብር አብሮ ይገኛል። በጥንት ዘመን የአቴና ሰዎች በላውርዮን ከሚገኘው የማዕድን ቦታቸው ብር ያወጡ ነበር፤ በ480 ዓመተ ዓለም በሳላሚስ ፋርሶችን ያሸነፉባቸው መርከቦች የተሠሩት በዚያ ብር ነው።

ሰሚኮንዳክተር መሆኑ ምን ማለት ነው?

መዳብ የኤሌክትሪክን ኃይል እንደ ልብ ያስተላልፋል። መስተዋትና ፕላስቲክ አያስተላልፉም። ሰሚኮንዳክተር በእነዚህ መካከል ያለ ነው። በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ታስረው ይቆያሉ፤ ነገር ግን በቂ ጉልበት ካገኙ ተፈትተው መሄድ ይችላሉ። ለመፈታት የሚያስፈልጋቸው ጉልበት «የኃይል ክፍተት» ይባላል፤ የሚለካውም በኤሌክትሮን ቮልት ነው። የኮምፒውተርና የስልክ ቺፕ የሚሠራበት ሲሊከን ክፍተቱ 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። የሊድ ሰልፋይድ ግን 0.4 አካባቢ ብቻ ነው። ማለትም ኤሌክትሮኖቹ በትንሽ ጉልበት ይፈታሉ፤ ሲሊከን የማይሰማው ደካማ ብርሃን ሊሊድ ሰልፋይድ በቂው ነው።

ሁለተኛው ነገር የቅንብሩ አለመስተካከል ነው። በድንጋዩ ውስጥ በአንዱ ጥግ ድኝ ትንሽ ሊጎድል፣ በሌላው ጥግ እርሳስ ሊጎድል ይችላል። እርሳስ በበዛበት ቦታ ኤሌክትሮን ይተርፋል፤ ድኝ በበዛበት ደግሞ ኤሌክትሮን ያጥራል። አንድ ቁራጭ ጋሌና ከቦታ ቦታ ጠባዩ የሚለዋወጠው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን የሬዲዮ አድማጮችም ይኸው ነገር ብዙ አድክሟቸዋል።

የድመት ጢምና ባትሪ የሌለው ሬዲዮ

እ.ኤ.አ. በ1874 ካርል ፈርዲናንድ ብራውን የተባለ የ24 ዓመት ጀርመናዊ ጋሌናንና መሰል ማዕድናትን በሽቦ ጫፍ እየነካ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍባቸው አንድ ያልጠበቀው ነገር አየ። ኤሌክትሪኩ በአንዱ አቅጣጫ በቀላሉ ያልፋል፤ አቅጣጫው ሲገለበጥ ግን ይከለከላል። በዚያን ጊዜ ይህ ለምን እንደሚጠቅም የሚያውቅ አልነበረም፤ ሬዲዮ ራሱ ገና አልተፈጠረም። ብራውን በ1909 ከማርኮኒ ጋር የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ያለ ሽቦ ቴሌግራፍ ላይ በሠራው ሌላ ሥራ ነው። ጋሌናን የሬዲዮ ማዕበል ለመያዝ የተጠቀመው ሕንዳዊው ሳይንቲስት ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ ነው። ቦስ በካልካታ ያስተምር ነበር፤ በ1901 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በ1904 ተሰጠው። ሰሚኮንዳክተርን ለመሣሪያነት በማዋል ከተሰጡት የመጀመሪያዎቹ መብቶች አንዱ ይህ ነው። ሲሊከን ሸለቆ ተብሎ የሚጠራው ቦታ ገና የፍራፍሬ እርሻ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጣቢያው የሚልከው ማዕበል በአንቴናው ሽቦ ላይ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ መቶ ሺዎች ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። የተናጋሪው ድምፅ በዚህ ውዝዋዜ ላይ ተጭኗል፤ ድምፁ ሲበረታ ውዝዋዜው ይሰፋል፣ ሲደክም ይጠባል። ነገር ግን ማዕበሉ እንዳለ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ቢገባ ምንም አይሰማም፤ ወደ ፊት የገፋው ወዲያው ወደ ኋላ ስለሚጎተት ይጣፋል። ጋሌናው የኋላውን ግማሽ ሲያስቀር የፊቱ ብቻ ይቀራል፤ የማዳመጫው ስስ ብረትም የፊቱን ግማሽ ስፋትና ጥበት እየተከተለ ይርገበገባል። የሰው ድምፅ የሚሰማው ያኔ ነው። በአንድ በኩል ብቻ የሚከፈት በር እንደ ማለት ነው።

በ1920ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያ ሬዲዮውን የሠራው ወይም የገዛው በዚህ መልክ ነው። የሚያስፈልገው ረጅም የአንቴና ሽቦ፣ የተጠቀለለ መዳብ፣ ወደ መሬት የሚገባ ሽቦ፣ የጆሮ ማዳመጫና ጣት የምታህል ጋሌና ነበር። በጋሌናው ላይ የሚያርፈው ቀጭን ሽቦ «የድመት ጢም» ይባል ነበር። ባትሪ የለም፤ ሶኬት የለም። ማዳመጫውን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ሁሉ ከጣቢያው ማሠራጫ በአየር የመጣው ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፁ ደካማ ነበር፤ አንድ ሰው በጸጥታ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፣ ቤተሰቡ ተራ ይጠብቃል።

ችግሩ ጥሩውን ነጥብ ማግኘት ነበር። ከላይ እንደተባለው ድንጋዩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዱ ነጥብ ጥርት አድርጎ ያሰማል፣ ከእርሱ አጠገብ ያለው ደግሞ ዝም ይላል። ሰው የሽቦውን ጫፍ እያነሣ እያስቀመጠ ይፈልጋል፤ ካገኘው በኋላ በር ቢዘጋ ወይም ጠረጴዛው ቢነቃነቅ ነጥቡ ይጠፋና ፍለጋው እንደገና ይጀመራል። የቫኩም ቱቦ ያላቸው ሬዲዮኖች እየረከሱ ሲሄዱ ጋሌናው ከሳሎን ወጣ። ሐሳቡ ግን አልጠፋም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋሌና ያላገኙ ወታደሮች የምላጭ ስለትን በመጻፊያ እርሳስ ጫፍ እየነኩ ተመሳሳይ ሬዲዮ ሠርተዋል። ዛሬ በእያንዳንዱ የስልክ ቻርጀር ውስጥ ያለው ዳዮድም የሚሠራው ያንኑ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የማሳለፍ ሥራ ነው።

የማይታየውን ብርሃን ማየት

የኃይል ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ ሊድ ሰልፋይድ ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ ከቀይ በታች ያለውን ብርሃን ይሰማል። የሰው ዓይን ማየት የሚያቆመው 0.7 ማይክሮሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሊድ ሰልፋይድ ግን እስከ 3 ማይክሮሜትር ድረስ ይሄዳል። የጋለ ብረት፣ የመኪና ጭስ ማውጫ፣ የእሳት ነበልባል በዚህ ክልል ውስጥ ደምቀው ይታያሉ። መሣሪያው የሚሠራው በመስተዋት ላይ አንድ ማይክሮሜትር የሚያህል ስስ ሽፋን በኬሚካል ውሃ ውስጥ እንዲያርፍ በማድረግ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት የኤሌክትሪክ መንገዱ ይቀልላል፤ የመቀነሱን መጠን መለካት ብርሃኑን መለካት ነው። ብዙ ሰሚኮንዳክተሮች ሲቀዘቅዙ ክፍተታቸው ይሰፋል፤ ሊድ ሰልፋይድ ግን በተቃራኒው ሲቀዘቅዝ ይጠባል፣ የበለጠ ሩቅ ኢንፍራሬድም ያያል።

ይህን ጠባይ በ1930ዎቹ በርሊን ውስጥ ያጠኑት ጀርመኖች ለጦርነት አዋሉት። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ተከተሉ፤ በ1956 አገልግሎት የጀመረው ሳይድዋይንደር የተባለው ሚሳይል የጠላትን አውሮፕላን ሞተር ሙቀት የሚከተለው በሊድ ሰልፋይድ «ዓይን» ነበር። ዛሬ ይኸው መሣሪያ በፋብሪካ ውስጥ የእሳት ብልጭታ ለመያዝና የእህልን እርጥበት ሳይፈጩ ለመለካት ያገለግላል።

አዲሱ ምዕራፍ የቅንጣት መጠንን ይመለከታል። ሊድ ሰልፋይድ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ እስኪሆን ድረስ ቢያንስ፣ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ቅንጣቷ ባነሰች ቁጥር የበለጠ ይሰፋል። 3 ናኖሜትር አካባቢ የሆነች ቅንጣት 1 ማይክሮሜትር ገደማ ያለውን ብርሃን ትይዛለች፤ ከዚያ ተለቅ ያለችው ረዘም ያለውን። ስለዚህ አምራቹ የቅንጣቱን መጠን እየመረጠ ካሜራው የትኛውን ኢንፍራሬድ እንዲያይ ይወስናል። እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች ኳንተም ዶት ይባላሉ፤ በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ለሦስት ሳይንቲስቶች የተሰጠው በዚሁ መስክ ነው። የሚያግዳቸው አንዱ ነገር እርሳሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ክፍሎች ውስጥ ያለ እርሳስ በክብደት ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ከዚያ በላይ ለማስገባት ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል።

በካሜራ ውስጥ ታሽጎ ለሚቀመጥ እርሳስ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚደረግ ከሆነ፣ በሕፃን ዓይን ጠርዝ ላይ ስለሚቀባው ምን ማለት ይቻላል?

ኩል

የጥንት ግብፆች በቀይ ባሕር ዳር ጀበል ዘይት ከሚባል ቦታ ጋሌና እየቆፈሩ ለኩል ይጠቀሙበት ነበር። ከዚያም ወዲህ ልማዱ በሰሜን አፍሪካ፣ በአፍሪካ ቀንድ፣ በዐረብ አገሮችና በሕንድ ክፍለ አህጉር ተዘርግቶ ኖሯል። በነገሥት መጽሐፍ ኤልዛቤል ዓይኗን እንደተኳለች ይነገራል። በኢትዮጵያ ሙሽራ ያለ ኩል አትታሰብም፤ የሠርግ ዘፈኑም ይመሰክራል። ቃሉ ራሱ ተዘዋዋሪ ነው፦ የአማርኛው ኩል፣ የዐረብኛው ኩሕል፣ የዕብራይስጡ «ካሐል» ዘመዳሞች ናቸው፤ «አልኮል» የሚለው ቃልም ሳይቀር ከዚሁ ከዐረብኛው የወጣ ነው።

በኩል ስም የሚሸጠው ዱቄት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ጥላሸት ነው፣ አንዳንዱ ጥቁር የብረት ዝገት ነው፣ አንዳንዱ ጋሌና ነው። ከግብፅ፣ ከኦማን፣ ከየመንና ከኤምሬትስ ገበያዎች ተገዝተው በላቦራቶሪ የተመረመሩ ናሙናዎች ሦስቱንም አሳይተዋል፤ ከጋሌና የተሠሩት ጥቂት አልነበሩም። በማሸጊያው ላይ «ኢስሚድ» ማለትም አንቲሞኒ ተብሎ የተጻፈባቸውም ሲመረመሩ እርሳስ ሆነው ተገኝተዋል። ሁሉም ጥቁር ስለሆነ በዓይን መለየት አይቻልም።

ጋሌና በውሃ አይሟሟም የሚለው ነገር እውነት ነው፤ ሆድ ውስጥ ያለው ግን ውሃ ሳይሆን አሲድ ነው። ደቅቆ የተፈጨ ጋሌና በጨጓራ አሲድ ውስጥ በከፊል ይሟሟና እርሳሱ ወደ ደም ይገባል። ከዓይን ወደ ሆድ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። እንባ ከዓይን ወደ አፍንጫና ወደ ጉሮሮ የሚወርድበት ቧንቧ አለ። ከዚህ የሚብሰው ግን እጅ ነው፤ ሕፃን ዓይኑን ያሻል፣ ጣቱን ይጠባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚገባው ትልቅ ሰው ላይ ከሚሆነው ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይደርሳል።

እርሳስ በሰውነት ውስጥ ምንም ጠቃሚ ሥራ የለውም። በማደግ ላይ ያለን አንጎል ይጎዳል፤ ትምህርት መቀበልን፣ ትኩረትንና ጠባይን ይነካል። ደም ማነስ ያመጣል፣ በትልልቅ ሰዎች ላይ የደም ግፊትና የኩላሊት ችግር ያስከትላል። ከነፍሰ ጡር እናት ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። ክፉቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የሌለው መሆኑ ነው፤ ልጁ ይጫወታል፣ ይበላል፣ ጉዳቱ ግን አለ። ምንም አያደርግም የሚባል የእርሳስ መጠን አልተገኘም። በአሜሪካ ከ2021 ጀምሮ የልጅ ደም በዴሲሊትር 3.5 ማይክሮግራም እርሳስ ከተገኘበት ክትትል ይጀመራል፤ ይህ በጣም ትንሽ መጠን ነው።

«አያቶቻችን ተኩለው ኖረዋል፣ ዓይንም ያጠራል» የሚል ክርክር ይሰማል። እንዲያውም በ2010 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በጥንት ግብፆች ኩል ውስጥ የነበሩ አንዳንድ የእርሳስ ጨዎች በጣም ጥቂት ሲሆኑ የሰውነትን መከላከያ ሊያነቃቁ እንደሚችሉ ጽፈው፣ ዜናው በሰፊው ተሰምቷል። ጥናቱ ግን ስለ ጋሌና አልነበረም፤ ግብፆች በእጃቸው ስላዘጋጇቸው ሌሎች ውህዶች ነበር፤ በላቦራቶሪ ሴሎች ላይ እንጂ ኩል በሚቀቡ ሕፃናት ላይም አልተሠራም። ከዚህ ተነሥቶ ኩሉን መድኃኒት ማድረግ ትክክል አይደለም። አያቶችን በተመለከተ፣ በዘመናቸው ደማቸውን ለእርሳስ የመረመረ አልነበረም።

ይህ ማለት ሙሽራዋ ዓይኗን አትኳል ማለት አይደለም። የይዘት ዝርዝር ያለው የዓይን መኳያ ሲገዛ፣ በዝርዝሩ ላይ ሲ አይ 77266 የሚል ቁጥር ካለ ጥቁሩ ካርቦን ነው፤ ሲ አይ 77499 ከሆነ የብረት ኦክሳይድ ነው። ሁለቱም እርሳስ አይደሉም። ዝርዝር የሌለው፣ በትንሽ ብልቃጥ ወይም በወረቀት ተጠቅልሎ ከአገር ቤት ወይም ከቱሪስት ገበያ የመጣ ዱቄት ሌላ ነገር ነው፤ የሚያብለጨልጭና ለመጠኑ የሚከብድ ድንጋይ ተፈጭቶ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ይበረታል። ቀላል መሆኑ ግን ንጹሕ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። የተጠረጠረውን ድንጋይ በቤት ውስጥ መውቀጥ ከመቀባቱ ያላነሰ ያስጋል፤ ብናኙ ወለሉ ላይ ያርፋል፣ የሚድኸው ልጅ ደግሞ ያለው ወለሉ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ብናኝ በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል።

ልጁ እንዲህ ያለ ኩል ተቀብቶ ከነበረ፣ ወይም እናቲቱ በእርግዝና ጊዜ ትጠቀምበት ከነበረ፣ ለጢፓት ሐላቭ ነርስ ወይም ለኩፓት ሖሊም ሐኪም መንገር ነው። ኩል ምን እንደሆነ የማያውቅ ሐኪም ቢያጋጥም «ኦፌሬት» የሚለው ቃል ነገሩን ያስረዳል፤ ብልቃጡንም ሳይጥሉ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ምርመራው ከደም ሥር የሚወሰድ ጥቂት ደም ነው። በደም ውስጥ ያለው እርሳስ ምንጩ ከተቋረጠ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፤ በአጥንት ውስጥ የተቀመጠው ግን ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ውጤት ከፍ ያለ ከሆነ ሐኪሙ ኩሉ ከቤት ከወጣ በኋላ ምርመራውን ይደግማል፤ ቁጥሩ ካልወረደ እርሳሱ ከሌላ ቦታም እየመጣ ሊሆን ይችላል፣ ያም ይፈለጋል።